ምዕራፍ ሰባት፦ ከፋሲካ ደሴት እስከ ቅድስት እሌኒ

በባሕር ተከበው ከሰው ርቀው የሚኖሩ ሁለት ደሴቶች አሉ፤ የሚታወቁበትን ስም ሁለቱም ያገኙት ከቤተ ክርስቲያን ነው። አንደኛው ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ነው። የሆላንዱ መርከበኛ ያኮብ ሮጌቬን በ1722 ዓ.ም. (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እዚያ የደረሰው በትንሣኤ እሑድ ስለነበር የፋሲካ ደሴት አለው። ነዋሪዎቹ ራፓ ኑይ ይሉታል። ሁለተኛዋ አትላንቲክ ላይ ናት። ፖርቱጋሎች በ1502 ዓ.ም. አግኝተው በቅድስት ሄሌና ስም ጠሯት። ሄሌና ለኛ እንግዳ አይደለችም፤ በየዓመቱ መስከረም 16 ደመራ ስንለኩስ የምናስባት፣ የጢሱን አቅጣጫ ተከትላ መስቀሉን ያገኘችው ንግሥት እሌኒ ናት። ናፖሊዮን ታስሮ የሞተው በዚህችው በእሌኒ ደሴት ነው።

ሁለቱም ደሴቶች ዛሬ አውሮፕላን ማረፊያ አላቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው ምን ያህል ይርቃል? ስንት ሰዓትስ ያስኬዳል? አንድ ጥያቄ ይመስላሉ፤ ግን ሁለት ናቸው፤ መልሳቸውም የሚመጣው ከተለያየ ቦታ ነው። ርቀቱን የሚወስነው የምድር ቅርጽ ሲሆን ሉልና ክር ካለን እቤታችን ቁጭ ብለን እናገኘዋለን። ሰዓቱን ግን ነፋስ፣ ነዳጅ፣ የመንደርደሪያው ርዝመት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚያ መንገድ መሄድ የሚፈልገው ሰው ብዛት ይወስኑታል።

ከክሩ እንጀምር። ብርቱካን ላይ ሁለት ነጥብ አድርጉና ክር በመካከላቸው ወጥራችሁ ዘርጉ። ክሩ የሚተኛበት መስመር አጭሩ መንገድ ነው። ያንን መስመር በሁለቱም በኩል እያስረዘማችሁ ብርቱካኑን ብትዞሩበት ልክ እኩል ለሁለት ይከፍለዋል። የባሕርና የአየር መንገድ ቀያሾች ይህን መስመር ታላቁ ክብ ይሉታል። ልኬቱ ቀላል ነው፤ ምድርን የሚዞረው ታላቅ ክብ 360 ዲግሪ፣ ዙሪያው ደግሞ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ እያንዳንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የሁለቱን ቦታዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ካወቅን በመካከላቸው ያለውን ማዕዘን በትሪጎኖሜትሪ አግኝተን በ111 ማባዛት ብቻ ነው የሚቀረው። ምድር በወገቧ በኩል ትንሽ ሰፋ ስለምትል ውጤቱ በመቶ ከግማሽ እጅ ባልበለጠ ሊዛነፍ ይችላል፤ ለመንገደኛ ይህ ምንም አይደለም።

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሄደ ሰው ይህን መስመር ወንበሩ ፊት ባለው ስክሪን ላይ አይቶታል። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ጠፍጣፋ ካርታ ሁለቱን ከተሞች በማስመሪያ ብናገናኝ መስመሩ በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ በኩል አልፎ አትላንቲክ ውስጥ ይገባል። ወጥረን የዘረጋነው ክር ግን ሱዳንን አቋርጦ ወደ ሊቢያ ያቀናል፤ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ፣ በስፔንና በፖርቱጋል ላይ አልፎ ወደ ውቅያኖሱ ይወጣል። ስክሪኑ ላይ ጎብጦ የሚታየው ጉዞ ቀጥተኛው ነው፤ የጎበጠው ካርታው ነው። ክብ የሆነውን ምድር ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ሲዘረጉት የሆነ ቦታ መለጠጡ አይቀርም።

አሁን ክሩን ወደ ደሴቶቻችን እንውሰደው። የፋሲካ ደሴት ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 27 ዲግሪ፣ ቅድስት እሌኒ ደግሞ 16 ዲግሪ ላይ ናቸው። እሌኒ ይበልጥ ወደ ሰሜን ነች ማለት ነው። ስለዚህ ከፋሲካ ደሴት የሚነሳ ሰው አፍንጫውን ትንሽ ወደ ሰሜን አዘንብሎ ወደ ምሥራቅ መብረር ያለበት ይመስላል፤ በማስመሪያ ብናሰምረውም መንገዱ በአታካማ በረሃ፣ በፓራጓይና በብራዚል ላይ ያልፋል። ስሌቱ የሚሰጠን ግን ሌላ ነው። አጭሩ መንገድ የሚነሳው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ ከ33 ዲግሪ ተኩል ገደማ በኋላ ነው ወደ ሰሜን መመለስ የሚጀምረው።

ወደ ደቡብ አብዝቶ የወረደበት ነጥብ የት ላይ እንደሆነ ሳሰላ ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት። ኬክሮሱ 33 ከግማሽ፣ ኬንትሮሱ በስተ ምዕራብ 70 ነው። ይህ የቺሊ ዋና ከተማ የሳንቲያጎ አድራሻ ነው። በመላው ደቡባዊ ውቅያኖስና አህጉር ላይ የተዘረጋው ክር በአንዲት ከተማ ጣሪያ ላይ ያልፋል፤ ያቺ ከተማም የፋሲካ ደሴት መንገደኛ ግድ የሚያርፍባት ናት። ከዚያ በኋላ መስመሩ የአንዲስን ተራሮች ተሻግሮ፣ አርጀንቲናንና ኡራጓይን አቋርጦ፣ በብራዚል ደቡባዊ ጫፍ በኩል የብሱን ይሰናበታል። ጠቅላላ ርቀቱ 10,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በማስመሪያ ካሰመርነው ጋር ሲነጻጸር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ያሳጥራል።

በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት ይህን ከ12 ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ይጨርሰዋል። መንደርደሪያው ላይ የሚያጠፋውን፣ ሲወጣና ሲወርድ ቀስ የሚልበትን ብንጨምርበት 13 ሰዓት እንበል።

እንዲህ ያለ በረራ ግን የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ወደ ፋሲካ ደሴት የሚመላለሱት ቦይንግ 787 አውሮፕላኖች 10,500 ኪሎ ሜትር መብረር አያቅታቸውም። የእሌኒ ደሴት መንደርደሪያ ግን ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር ያነሰ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ትልቅ አውሮፕላን አልተሠራም። ወደ እሌኒ የሚሄደው ኤምብራየር 190 ደግሞ እዚያ ማረፍ ይችላል፤ ነገር ግን ነዳጁ የዚያን መንገድ ግማሽ እንኳ በቅጡ አያስኬደውም። መድረስ የሚችለው አያርፍም፤ ማረፍ የሚችለው አይደርስም።

የፋሲካ ደሴቱ አውሮፕላን ማረፊያ ማታቬሪ ይባላል። መንደርደሪያው ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ወደ 8,000 ሰው ብቻ ለሚኖርበት ደሴት ይህን ያህል የረዘመበት ምክንያት አለው፤ በ1980ዎቹ ውስጥ ናሳ ያስረዘመው የጠፈር መንኮራኩሩ በድንገተኛ ችግር ማረፊያ ቢፈልግ እንዲሆነው ብሎ ነው። መንኮራኩሩ አንድም ቀን አላረፈበትም። ትልልቅ አውሮፕላኖች ያለ ስጋት የሚያርፉት ግን በዚያ ሥራ ምክንያት ነው። ከአህጉሩ ተነስቶ መጀመሪያ እዚያ የደረሰው የቺሊ አየር ኃይሉ ሮቤርቶ ፓራጌ ነበር፤ በ1951 ዓ.ም. ማኑታራ በተባለች ካታሊና፣ ውኃም የብስም ላይ በምታርፍ አውሮፕላን፣ 19 ሰዓት ያህል ከፈጀ በረራ በኋላ። ማኑታራ የደሴቱ ሰዎች በጥንት እምነታቸው መምጣቷን ይጠብቋት የነበረች የባሕር ወፍ ናት።

ከማታቬሪ እስከ ሳንቲያጎ 3,750 ኪሎ ሜትር ነው። በሌላ በኩል በጣም የሚቀርበው አውሮፕላን ማረፊያ በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ በማንጋሬቫ አጠገብ ሲሆን እሱም 2,600 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አብራሪው ደሴቱ ላይ ደርሶ መንደርደሪያው ቢዘጋበት የሚሸሽበት ጎረቤት የለውም። አዲስ አበባ ላይ ጉም ቢወርድ ድሬዳዋ ወይም ሌላ ማረፊያ አለ፤ እዚያ ያለው ባሕር ብቻ ነው።

ስለዚህ የአቪዬሽን ሕግ እንዲህ ያሉትን ማረፊያዎች ለብቻቸው ያያቸዋል። በተለመደው መንገድ አውሮፕላን ወደ ተለዋጭ ማረፊያ የሚያደርሰው ነዳጅ ይጭናል። ብቸኛ ወደሆነ ደሴት ሲሄድ ግን በተለዋጩ ፋንታ ከደሴቱ በላይ ሁለት ሰዓት ያህል እየበረረ የሚያቆየውን ነዳጅ ይጭናል። ዝናቡ እስኪያልፍ፣ ነፋሱ እስኪበርድ፣ መንደርደሪያው ላይ የቆመው ነገር እስኪነሳ አየር ላይ ይጠብቃል ማለት ነው። ሌላም ጥንቃቄ አለ። አንድ አውሮፕላን ወደ ደሴቱ እየሄደ ሳለ ከኋላው የሚመጣው ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው በሰላም ማረፉ ሳይታወቅ የመንገዱን እኩሌታ እንዲያልፍ አይፈቀድለትም። የመጀመሪያው ጎማው ፈንድቶ መንደርደሪያውን ቢዘጋው ሁለተኛው ገና መመለስ የሚችልበት ቦታ ላይ መሆን አለበት።

የመንገድ እኩሌታ ስል ግን የኪሎ ሜትሩን እኩሌታ ማለቴ አይደለም። ከፍ ብሎ በዚያ ሰማይ የሚነፍሰው ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ከሳንቲያጎ ወደ ደሴቱ የሚሄድ አውሮፕላን ነፋስን በፊቱ ይቀበላል፤ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ሲመለስ ነፋሱ ከኋላ ይገፋዋል፤ አራት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። እንግዲህ በሰዓት 680 እየሄደ ያለ፣ ቢመለስ ግን 800 የሚሄድ አብራሪ፣ ወደፊትም ወደኋላም እኩል ሰዓት የሚቀረው የት ሲደርስ ነው? ስሌቱ 2,030 ኪሎ ሜትር ገደማ ይለናል። ከርቀቱ እኩሌታ 150 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ ማለት ነው። እዚህ ነጥብ ላይ ሆኖ ሞተሩ አንዳች ነገር ቢሆን ደሴቱ እንኳ በኪሎ ሜትር ይበልጥ ቀርቦት ሳለ፣ ሳንቲያጎ በሰዓት እኩል ትቀርበዋለች። ርቀትና ጊዜ የሚለያዩት እንዲህ ነው፤ አብራሪው የሚያምነውም ጊዜውን ነው።

የአገራችን መንገደኞችም ይህን ያውቁታል። የአዲስ አበባ–ዋሽንግተን በረራ ለዓመታት ሲሄድ መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ እየቀዳ፣ ሲመለስ ግን ቀጥታ እየመጣ ኖሯል። ሲሄድ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው፤ በዚያ ላይ ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ከባድ ነዳጅ ጭኖ ለመነሳት ይቸግረዋል። ርቀቱ ግን መሄጃም መመለሻም ያው 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የእሌኒ ደሴት ታሪክ ደግሞ ሁሉም ከነፋስ ጋር የተያያዘ ነው። ወጣቱ የእንግሊዝ የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤድመንድ ሃሌይ በ1677 ዓ.ም. የደቡብን ከዋክብት ለመቁጠር እዚያ ሄዶ ነበር። በ1686 ዓ.ም. ደግሞ በውቅያኖሶች ላይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ አቅጣጫ የሚነፍሱትን ነፋሶች የሚያሳይ ካርታ አወጣ። ደሴቲቱ የተቀመጠችው ከእነዚያ በአንዱ፣ ከደቡብ ምሥራቅ በሚመጣው ነፋስ መንገድ ላይ ነው። የሸራ መርከቦች በዚያ ነፋስ ተገፍተው ከደቡብ አፍሪካ እየመጡ ያርፉባት ነበር። ናፖሊዮን ግን ከእንግሊዝ ተነስቶ በ1815 ዓ.ም. እዚያ እስኪደርስ አሥር ሳምንት ያህል ባሕር ላይ ቆይቷል።

የመርከብ ዘመን በዚያች ደሴት እስከ ቅርብ ጊዜ አላበቃም። እኛ ስልካችንን ነክተን ትኬት በምንቆርጥበት ዘመን የእሌኒ ሰዎች ከዓለም ጋር የሚገናኙት በአንዲት የፖስታ መርከብ ነበር፤ እስከ ኬፕታውን አምስት ቀን ያህል ትሄዳለች። ሕመም የጠናበት ሰው መርከቧን ይጠብቃል፤ ከዚያም አምስት ቀን ባሕር ላይ ይቆያል። ስለ አውሮፕላን ማረፊያው ወጪ ሲወራ ይህን የሚያስታውሱ ሰዎች ጥቂት መሆናቸው ያሳዝነኛል። ከ4,500 ላነሰ ሰው 285 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣ ሲባል ብዙ ይመስላል፤ አምስቱን ቀን ለተኛ ታማሚ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

ሥራው ከባድ ነበር። ደሴቲቱ ከባሕር የወጣ ተራራ ስለሆነች ሜዳ የላትም፤ አንድ ሙሉ ሸለቆ 8 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር በሚጠጋ ድንጋይና አፈር ተሞልቶ ነው መንደርደሪያው የተዘረጋው። በ2016 ዓ.ም. ሊመረቅ ተዘጋጅቶ ሳለ የሙከራ በረራዎች አንድ ችግር አሳዩ። ሃሌይ በካርታው ያስቀመጠው ያ ነፋስ በገደሉ ላይ እየተሰበረ መንደርደሪያው ጫፍ ላይ አቅጣጫውንና ኃይሉን በድንገት ይለዋውጣል። ለማረፍ የተቃረበ አውሮፕላን ከፊት የሚደግፈው ነፋስ በቅጽበት ቢጠፋበት ይወርዳል። ሊበርበት የታሰበው ቦይንግ ቀረ፤ አነስ ያለና ቀልጣፋ የሆነው ኤምብራየር ተመረጠ፤ መንገደኞቹም ክብደት ለመቀነስ መጀመሪያ ላይ 76 ብቻ እንዲሆኑ ተደረገ። የመጀመሪያው መደበኛ በረራ ከጆሃንስበርግ ተነስቶ ያረፈው ኦክቶበር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። መርከቧም በቀጣዩ ዓመት የመጨረሻ ጉዞዋን አደረገች።

ይህ አውሮፕላን በመንገዱ ናሚቢያ ላይ፣ ዋልቪስ ቤይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። ምክንያቱ ከማታቬሪ ጋር አንድ ነው፤ ነፋሱ አላሳርፍ ቢለው ደሴቲቱን ከላይ አይቶ ወደ ናሚቢያ መመለስ እንዲችል። እንዲያ ሆኖ የተመለሰባቸው ቀኖችም ነበሩ።

እንግዲህ ከፋሲካ ደሴት ወደ እሌኒ የሚሄድ ሰው የሚጓዘው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሳንቲያጎ፣ 3,750 ኪሎ ሜትር። እስከዚህ ክሩን አልለቀቀም፤ አንድ እርምጃ እንኳ አላባከነም። ከሳንቲያጎ ሳኦ ፓውሎ 2,600። ሳኦ ፓውሎ ላይ ሆኖ ቢያሰላ እሌኒ ከፊቱ 4,340 ኪሎ ሜትር ላይ ናት፤ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ቢበር ይደርሳል። ሆኖም ወደዚያ የሚሄድ አውሮፕላን የለም። የሚሳፈረው ጆሃንስበርግ ነው፤ 7,440 ኪሎ ሜትር። ውቅያኖሱ መካከል ሲደርስ እሌኒ ከመስመሩ በስተ ሰሜን ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትቀራለች። አልፏት ይሄዳል። አፍሪካን ገብቶ፣ ጆሃንስበርግ አርፎ፣ ሻንጣውን ተቀብሎ፣ ከዚያ 3,680 ኪሎ ሜትር ወደ መጣበት አቅጣጫ ይመለሳል።

ድምሩ 17,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በምድር ላይ ከማንኛውም ቦታ ወደ ማንኛውም ቦታ ያለው አጭር መንገድ ከ20,000 ሊበልጥ አይችልም፤ ከዚያ ካለፈ በሌላው በኩል መዞር ይቀርባልና። መንገደኛችን የምድርን ሩብ ትንሽ አልፎ ለመድረስ ግማሿን ሊዞር ምንም አልቀረውም። በአየር ላይና በዋልቪስ ቤይ ቆይታ ብቻ 23 ሰዓት ተኩል ያህል ያጠፋል። ትልቁን ጊዜ የሚወስደው ግን መጠበቁ ነው። የእሌኒ በረራ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ነው። እሑድ ጠዋት ጆሃንስበርግ የደረሰ ሰው ስድስት ቀን ይቀመጣል።

ትኬቱን የሚያነብ ሰውም ይጠንቀቅ። የተጻፈው ሰዓት ሁሉ የየአገሩ ነው። የፋሲካ ደሴት ሰዓት ከሳንቲያጎ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ከደሴቱ ልክ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ትኬቱ 12:00 ብሎ በሚጽፈው፣ የተነሳ አውሮፕላን ሳንቲያጎ 18:40 ሲል ያርፋል፤ በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ40። ወረቀቱን ያየ 6 ሰዓት ከ40 ፈጀ ይላል፤ የበረረው ግን 4 ሰዓት ከ40 ነው። በሌላ ቀን ከሳንቲያጎ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል (9:30) ቢነሳ ደሴቱ ላይ ከቀኑ 7 ሰዓት (13:00) ይደርሳል። ይኸኛው 3 ሰዓት ተኩል ይመስላል፤ እውነቱ 5 ሰዓት ተኩል ነው። ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ልዩነቱን ቀንሱ፤ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ጨምሩ።

ክሩን ከአዲስ አበባ ብንዘረጋውስ? እስከ ቅድስት እሌኒ 5,600 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዋሽንግተን ግማሽ ግድም። በጆሃንስበርግ በኩል ሲሆን 7,750 ይደርሳል። ከቦሌ ጆሃንስበርግ በየቀኑ ይበረራል፤ አርብ ገብቶ ያደረ ሰው በማግሥቱ ደሴቲቱ ላይ መዋል ይችላል። የደሴቲቱ ሰዎች ቀናቸውን የሚያከብሩት ሜይ 21፣ በኛ ግንቦት 13 ነው። በዓሉ ረቡዕ ከዋለ እንግዳው ከዚያ ቀደም ባለው ቅዳሜ መግባት አለበት።